የመውደቂያ ፍራሽ

ፍራሽ የሚመርጥ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መዳፉን ይዘረጋል፣ ጫን ያደርጋል፣ ስፖንጁ ጐድጐድ ብሎ ሲመለስለት ፊቱ ይፈካል። "ውይ ሲመች!" ይላል። እኔ በዚህ ነገር ከመናደድ አልፌ ደክሞኛል። የምፈልገው የሚመች ፍራሽ አልነበረም። የምፈልገው ከሰው ቁመት እጥፍ ከፍታ ላይ በእግሬ ስወድቅበት ቁርጭምጭሚቴን የሚያተርፍልኝ ፍራሽ ነበር። ይህን ደግሞ በባሕር ዳር ገበያ ለማን ብዬ ላስረዳ?

ፍሬ ስብሐት ኪዳነ ወልድ እባላለሁ። ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ጨርቅ እየወጠርኩ የት ጋ እንደሚቀደድ አያለሁ። ይህ ሥራ ሰውን ያበላሻል። ጫማም፣ ወንበርም፣ የሰው ትዳርም ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደሚቀደድበት ቦታ ነው። እሁድ እሁድ ግን ድንጋይ እወጣለሁ። ገመድ የለም፣ ተራራ የለም፤ አንድ ቋጥኝ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ከሥር ደግሞ ስትወድቅ የሚቀበልህ ወፍራም ፍራሽ። ቦልደሪንግ ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ የውጭ አገር መምህር አስተማረንና ወደ አገሩ ሄደ። አብረውን ከተማሩት አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ገቡ፣ የቀሩት ወልደው ተዉት፤ የተረፍነው እኔና ግሩም ነን። ግሩም የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እዚህ ባንክ ይሠራል፣ ወሬ ይወዳል፣ ሲወድቅ ግን ድምፁን አያሰማም። በዚህ እወደዋለሁ።

ድንጋያችን ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ናት። "አማት" ብለን ነው የምንጠራት፤ ለማንም ፊት አትሰጥም። ጥቁር ናት፣ ሆዷ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፣ ከአናቷ በታች የመጨረሻዋን ጠርዝ ለመያዝ እግርን ለቆ መዝለል ግድ ይላል። እዚያ ጋ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። አማት ዓመቱን ሙሉ አትወጣም። ከክረምት በኋላ ጣና ሞልቶ እስከ ሆዷ ይይዛታል፤ ውሃው እየሸሸ ሸሽቶ ሚያዝያ ላይ ከሥሯ ያለው አሸዋ ይደርቃል፣ ሰኔ ሲጋመስ ደግሞ ተመልሶ ይመጣባታል። ያለን ጊዜ ያቺው ናት።

ባለፈው ዓመት ከዚያች መዝለያ ላይ ወድቄ ነበር። ከሥሬ ሁለት የአልጋ ስፖንጅ አጠጋግተን ዘርግተናል፤ እግሬ ከሁለቱ መሐል ገባ። ቁርጭምጭሚቴ ሲዞር እኔ ራሴ ሰማሁት። ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ "ዘንድሮ ጅማቱ ነው፣ ድኗል በይው። ሁለተኛ ከዞረ ግን ብሎን ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋይ እንዳታወሪኝ" አለኝ። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ወይ ደኅና ፍራሽ አገኛለሁ፣ ወይ አማትን ከሩቅ እያየሁ አረጃለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት ነው። በዚህች ከተማ ከፋብሪካ፣ ከቤት ኪራይና ከሕመምተኛ ዘመድ ሌላ የኔ የምለው ነገር ያቺ ድንጋይ ብቻ ናት።

ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ፣ እግሬ አብጦ፣ ስፖንጅ ቤት ለስፖንጅ ቤት መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ያሳየኝን ሁሉ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበትና በተረከዜ ረገጥኩት። ተረከዜ በቀጥታ ሲሚንቶው ላይ አረፈ።

"እህቴ፣ ለመኝታ ከሆነ ይኼን ውሰጂ። ሙሽራ የሚተኛበት ነው" አለኝ፣ ሌላ ለስላሳ እየጐተተ።

"ለመኝታ አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ለመውደቂያ።"

"የሚወድቀው ማነው?"

"እኔ።"

ትንሽ አየኝ። "እግዜር ይጠብቅሽ" አለና ሌላ ደንበኛ ለማናገር ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ መዳፍን ያታልላል፤ ከላይ የመጣን ሰው ግን አሳልፎ ለመሬት ይሰጠዋል። በጣም ደረቁም አይሆንም፤ እሱ ራሱ መሬት ነው። ደኅና የመውደቂያ ፍራሽ ሁለት ድርብ አለው። ከላይ እንደ ጐማ ድርቅ ያለ ቀጭን ንጣፍ ይሆንና እግር ሲያርፍበት ምቱን ወደ ጐን ይበትናል። ከሥሩ ደግሞ ስንዝር የሚሆን ጠጣር ስፖንጅ ቀስ ብሎ እየሰጠ ይቀበላል። ይህን ሁሉ ገበያተኛው መሐል ቆሜ ሳስረዳ አንዳንዱ ጤንነቴን ይጠራጠር ነበር፤ እኔም አልፎ አልፎ ተጠራጥሬያለሁ።

ደረቁን ንጣፍ ያገኘነው አንድ የቴኳንዶ ማሠልጠኛ አሮጌ ምንጣፉን ሲቀይር ነው፤ ግሩም ተለማምጦ አመጣው። ጠጣሩን ስፖንጅ ለትልልቅ ሶፋ ከሚሸጡት ዘንድ አገኘሁት። መሐሉን በሰያፍ አስቆረጥኩት፤ ሁለት ሆኖ ሲታጠፍ ይመቻል፣ ሲዘረጋ ግን አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ስለሚተኛ እግር የሚገባበት ክፍተት አይኖርም። ያለፈው ዓመት ትምህርት ነው። ልብሱን ለአዘዘ ሰጠሁት። አዘዘ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ፣ የባጃጅ ወንበር የሚያለብስ ሰው ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ ምላሱ ግን "ነገ" ከሚል ቃል ሌላ አያውቅም።

"ነገ ነይ" አለኝ። ነገ ሄድኩ። "ዳር ዳሩን በቀይ ልክፈፈው ወይ? ያምራል" አለኝ።

"አዘዘ፣ ማማሩ ይቅር። አይቀደድ ብቻ።"

"እሺ፣ ነገ ነይ።"

የጭነት መኪና ሸራ ነው ያለበስነው። ማዕዘኖቹን በድርብ አሰፋሁ። መታጠፊያውን በሙሉ ሌላ የሸራ ቁራጭ ደርበን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመን አስፍተነዋል፤ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ መሆኑን አውቀዋለሁና። ጐኖቹ ላይ የአየር መውጫ፣ ለጀርባ ማዘያ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ቀበቶ። በመጨረሻ አዘዘ "ነገ" ለማለት ምክንያት አጣ። ከግቢያችን የድንጋይ አጥር ላይ ወጥቼ ዘለልኩበት። ድም አለ። ቁርጭምጭሚቴን አዳመጥኩት፤ ምንም። ደግሜ ዘለልኩ። እዚያው ፍራሹ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ያን እሁድ መንገድ ተዘጋና መውጣት አልተቻለም። የሚቀጥለው እሁድ ሳይደርስ አባቴ መጡ።

አባቴ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ በደልጊ በኩል ከሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበርና ሊታከሙ በጀልባ መጡ። ከዚያ አገር የታመመ ሁሉ ማረፊያው የኔ ቤት ነው፤ ከተማ ውስጥ ደመወዝ የሚቆረጥለት ዘመድ ያለው ሰው አልጋ አይከራይም። እኔም ለምጄዋለሁ። አባቴ ግን ለራሳቸው ብለው ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እስከ ዛሬ "ደኅና ነኝ" ሲሉ ነው የኖሩት።

ድንጋይ እንደምወጣ አያውቁም። ያለፈውን ዓመት እግሬን "ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ነው" ብያቸው አልፏል። ገብተው፣ አረፍ ብለው፣ ውሃ ጠጥተው፣ በተሻለው ዓይናቸው ቤቱን ቃኘት ቃኘት ሲያደርጉ ግድግዳውን የተደገፈችውን ፍራሽ አዩ። ዘርግተው በመዳፋቸው ነካ አደረጓት።

"ይቺ ምንድን ናት ልጄ?"

ምን እላለሁ? ለአንድ የድጓ መምህር፣ ሴት ልጃቸው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቋጥኝ ላይ ተሰቅላ የምትወድቅባት ናት ልበል?

"ፍራሽ ናት አባዬ።"

"አዲስ ናት?"

"አዎ፣ አዲስ ናት።"

በቃ፣ አለቀ። ቤት ውስጥ አዲስ ፍራሽ እያለ አባቷን አሮጌ ላይ ያስተኛች ልጅ በኛ አገር አልተወለደችም። የኔ አልጋ ላይ ያለው ስፖንጅ መሐሉ ተቦርቡሮ ጐድጓዳ ሠርቷል፤ አዲስ ፍራሽ አለ ብዬ በአፌ ከመሰከርኩ በኋላ እሱን ባነጥፍላቸው ምን ይሉኛል? ጐድጓዳውን ለራሴ መሬት ላይ ጣልኩና አዲሲቱን አልጋው ላይ ዘርግቼ ነጭ አንሶላ አለበስኳት። ለአንድ ሰው አልጋ ልክ ነበረች። ለሁለትና ለሦስት ቀን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጧት "እንዴት አደሩ አባዬ?" ስላቸው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወገባቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ምን ያለች ፍራሽ ናት እቴ! ሰውነቴ ሁሉ ነው የታደሰው።"

አንዱ ዓይናቸው በደኅና ተሠራ። ሐኪሙ ግን ለክትትል ከከተማ እንዳይርቁ አዘዘ። አይጐንበሱ፣ አይስገዱ፣ ሲተኙ በጀርባዎ ብቻ ይተኙ አላቸው። ሁለትና ሦስት ቀን ያልኩት ሳምንታት ሆነ።

ግሩም ይደውላል። "ፍራሹስ?" ይላል።

"አባቴ ተኝተውባታል።"

"ኧረ በናትሽ! ውሃው እየመጣ ነው፣ ትናንት አይቼው መጣሁ። ሌላ ፍራሽ ግዢላቸውና አምጪው።"

እሱ ከተማ ያደገ ነው፣ ነገሩ ሁሉ በመግዛት ያልቃል። ግን ሌላ መላ ስላልነበረኝ ገዛሁ። በሕይወቴ ያልገዛሁትን ዓይነት፣ ያንን ሙሽራ የሚተኛበትን። ባጃጅ ላይ አስሬ አመጣሁና ፊታቸው ዘረጋሁት።

"አባዬ፣ ይኼ ይሻልዎታል። ለስላሳ ነው።"

አባቴ ጫን አደረጉት። እጃቸው እስከ አንጓቸው ሰጠመ። በአንዱ ዓይናቸው ላይ ያለው ነጭ መሸፈኛ ሳይቀር ፈገግ ያለ መሰለኝ።

"ይመቻል" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እጃቸውን አነሡ። "ይኼ ለአንቺ ይሁን።"

"ለእርስዎ ነው የገዛሁት!"

"ስሚኝ ልጄ፣ ቀኑን ስትቆሚ የምትውይ አንቺ ነሽ። ማታ ደግሞ መሬት ላይ ስትገላበጭ እሰማለሁ። እኔ ይቺን ለምጃታለሁ፣ ተስማምታኛለች።"

"አባዬ፣ ይተዉ እንጂ…"

"ማርያምን! አንቺን መሬት ጥዬ እኔ እዚያ ላይ ብተኛ ዓይኔ አይድንም።"

በማርያም ከማሉ በኋላ ምን ይባላል? ለስላሳው ላይ እኔ ተኛሁ። እውነት ለመናገር ገላዬ ወደደው፤ ከጐኔ ደግሞ አባቴ በኔ የመውደቂያ ፍራሽ ላይ በጀርባቸው ቀጥ ብለው ተጋድመው ነበር። ከመንጋቱ በፊት ስነቃ ሁልጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ ዓይኔን መልሼ እጨፍን ነበር።

አንድ እሁድ የግሩምን ቀጭን ፍራሽ ይዘን ሄድን። ፀሐዩ ይፋጃል፣ ከሥር ያለው አሸዋ ገና ደረቅ ነው፣ ውሃው ግን ተጠግቷል፤ ታንኳ ይዘው ቄጠማ የሚያጭዱ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማናል። ወጣሁ። እጄ ሁሉንም ያስታውሳል፤ ግራ ጣት ስንጥቋ ውስጥ፣ ቀኝ እግር ጕብታው ላይ፣ ሆዷን ማለፍ፣ ትንፋሽ። መዝለያው ላይ ደረስኩ። ጠርዟን አየኋት፣ ከጣቴ እምብዛም አትርቅም። ከዚያ ወደ ታች አየሁ። ያቺ የግሩም ፍራሽ ከላይ ስትታይ የጠረጴዛ ልብስ ታክላለች። ቁርጭምጭሚቴ ገና ሳይወድቅ አመመኝ። በመጣሁበት እግር በእግር ወረድኩ።

"ፈራሽ?" አለኝ ግሩም።

"ደከመኝ።"

አልዋሸሁም። የደከመኝ ግን ድንጋዩ አልነበረም። አንዲት ቀላል ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቶኝ ነው የደከመኝ። "አባዬ፣ ይቺ ፍራሽ ለሌላ ሥራ ትፈለጋለች፣ ለእሁድ ብቻ ልውሰዳት።" ይኸው ናት። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ እየወጠርኩ ስንት ጊዜ ተለማመድኳት! አንዳንድ ቀን "ለጓደኛዬ ላውሰው" በሚል እጀምራታለሁ፣ አንዳንድ ቀን እውነቱን ከነድንጋዩ አወጣዋለሁ። ማታ ቤት ስገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በለሆሳስ እያዜሙ፣ በጣታቸው የአንሶላውን ጫፍ እያስተካከሉ ይጠብቁኛል።

"መጣሽ ልጄ? ዛሬም እኮ ቀን ጋደም ብዬ እንቅልፍ ጣለኝ። ይቺ ፍራሽ ሰነፍ አደረገችኝ።"

ታዲያ ይህን ከሚል ሰው ጐን ሥር ፍራሽ እንዴት ይሳባል? አንዲት ሴት ሽማግሌ አባቷን ከመኝታው አስነሥታ ድንጋይ ልትወጣ ሄደች ቢባል፣ ሌላው ቢቀር እኔ ራሴ አልሰማትም። ዓረፍተ ነገሯን ዋጥኳት፤ በነጋታው ፋብሪካ ውስጥ እንደገና ተለማመድኳት። ደመናው በየቀኑ ከሐይቁ ማዶ እየጠቆረ ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን የቆርቆሮው ድምፅ ሌሎቹን ሠራተኞች አስደሰታቸው፤ እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኔ ላይ ሐኪሙ አባቴን አሰናበታቸው። ሁለተኛው ዓይናቸው በመጪው ሚያዝያ ተራው ሲደርስ እንደሚሠራ ነገራቸው። ወደብ ድረስ ሸኘኋቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በተሠራችው ዓይናቸው የሰውን ፊት አንድ በአንድ እያዩ፣ እንደ ልጅ ተደስተው ጀልባው ውስጥ ገቡ። "ፍሬ፣ ሸብተሻል እኮ!" አሉኝ ካሉበት ሆነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እሁድ ፍራሼን አዝዬ ከግሩም ጋር ሄድን። ውሃው ቀድሞናል። አሸዋው የለም፤ ትንንሽ ማዕበል የአማትን እግር ይልሳል። ሌላው ቢቀር ጭቃ ቢሆን እንኳ እሞክር ነበር፤ ውሃ ላይ ግን ፍራሽ አይዘረጋም። ዳር ላይ ዘረጋናትና ተቀምጠንባት ቆሎ በላን።  አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ። አባቴን ግን አልወቀስኳቸውም። አባቴ በስተርጅና ተመችቷቸው ተኝተዋል፣ የኔ ድንጋይ ለዚያ ቢቀር ምን አለበት አልኩ። እንዲያውም በዚህ ሐሳብ ትንሽ ኰራሁ። ከዚህች ኩራት ጋር ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ኩራቷ ብዙ አልቆየችም። የወንድሜ ሚስት እናትዓለም ደወለች። እናትዓለም ሰላምታ አታበዛም።

"አንቺ፣ አባባን ምን ላይ ነበር ያስተኛሻቸው?"

"ምነው?"

"ጀርባቸው ተልጦ መጣ እኮ! ወገባቸው ላይ እንደ ገመድ ያለ ሰንበር አለ። ቅቤ እያሸሁ ነው የሰነበትሁ። ከመጡ ጀምሮ ከመደባቸው አይነሡም፤ 'የመደብ ጌታ፣ ክብር ምስጋና ይግባህ' ይላሉ።"

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያቺ የመታጠፊያዋ ድርብ የሸራ ቁራጭ፣ ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ ያሰፋኋት፣ ልክ ወገባቸው ሥር ነበረች።

"ተመችቶኛል ሲሉኝ ነበር" አልኳት። "በየቀኑ ነው የሚሉኝ።"

"አዬ! 'ልጅቱ አዲስ ፍራሿን ከራሷ ነጥቃ ሰጠችኝ፣ ይጐረብጣል ብዬ ላሳፍራት ወይ?' ነው የሚሉ። ሌሊት ሲብስባቸው ወንበር ላይ ነበር የሚያነጉ። እንዳትነግሪያት ብለውኛል፣ እንዳልነገርሁሽ።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ በሳቸው ነው በራሴ መለየት አቃተኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ሳምንታት ሙሉ፣ አንዳቸው ለሌላው ብለው፣ አንዳቸው የሌላውን ፍራሽ ይዘው ተሠቃዩ። ማንም አላስገደደንም። "ይቈረቍራል" የምትል አንዲት ቃል ከሳቸው ብትወጣ ወይም "ትፈለጋለች" የምትል አንዲት ቃል ከኔ ብትወጣ ሁለታችንም እንድን ነበር። ያን ሁሉ ሱቅ ዞሬ፣ ስንቱን ሻጭ ተከራክሬ፣ አንድም ሰው ሊተኛበት የማይችል ፍራሽ አሠርቼ አባቴን አስተኛሁበት። ደግሞ ኰርቼ!

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ደወልኩላቸው። እናትዓለምን ላለማጋለጥ ጥቂት ዞር ዞር ልል ነበር፤ እሳቸው ግን ገና ከሰላምታው ጀመሩ።

"ያቺ ፍራሽ እንዴት ናት? ስመጣ ለሌላ ሰጥተሽ እንዳትጠብቂኝ!"

በቃኝ። ያኔ በእውነት በቃኝ።

"አባዬ፣ ያቺ የመኝታ ፍራሽ አይደለችም።"

"ምን አልሽ?"

"የመውደቂያ ናት። ሐይቁ ዳር አንዲት ቋጥኝ አለች፣ እሷን እወጣለሁ። ስወድቅ በሷ ላይ ነው የማርፍ። ያን ጊዜ ደፍሬ አልነገርሁዎትም። እግሬም ደረጃ ላይ አልተንሸራተተም፣ እዚያ ነው ወድቄ የተጐዳሁ።"

 ከወዲያ በኩል ዶሮ ይጮሃል። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ከቋጥኟ ላይ ምን አለ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ምንም የለ። ሐይቁ ይታያል።"

"ሐይቁማ ከታችም ይታያል።"

"ይታያል።"

"አልገባኝም" አሉ፤ ቁጣ ግን የለበትም።  "እኔም ልጅ ሆኜ ድጓ ልማር ስሄድ አባቴ አልገባቸውም ነበር። እና፣ እኔ ስተኛባት አንቺ አልወጣሽም?"

"አልወጣሁም።"

"እኔም አልተኛሁም" አሉና ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፣ እንባዬ መጣ። "አዬ ልጄ! ወገቤን እኮ ጨረሰችው! ምን ዓይነት ፍራሽ ነው ብዬ፣ ከተማ ሰው እንዴት ነው የሚተኛ ብዬ… አሁንስ? አሁን አትወጪም?"

"ውሃ ይዟታል።"

"መቼ ይለቃታል?"

"ሚያዝያ።"

ከተናገርኩት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እሳቸው ግን ወዲያው ገባቸው።

"እንግዲያ ሚያዝያ አልመጣብሽም" አሉ፤ ድምፃቸው ገር ነበር፣ ዕቃ የሚያቀብል ሰው ድምፅ።

"ዓይንዎስ?"

"አንዱ አለ አይደል? ፊደሉን ለይቼበታለሁ፣ ምን ጐደለኝ? ሌላው ይቈይ። አንቺ ቋጥኝሽን ውጪ።"

"አይሆንም አባዬ። ተራው አንዴ ካለፈ ሌላ ዓመት ነው የሚጠብቁ። ሚያዝያ ይምጡ።"

"ተይ እንጂ ልጄ።"

"እውነቴን ነው የምልዎ። ለስላሳው ፍራሽ የእርስዎ ነው፣ ሌላዋ ለኔ ትሆናለች። ባልወጣም ግድ የለኝም። እርስዎ ብቻ ይምጡልኝ።"

አባቴ ሳቁ። እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ "ምነው፣ ገና ነው፣ ይቀመጡ እንጂ" ሲሉት የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቁት። አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንት ጊዜ ስቄዋለሁ።

"አንቺማ እንዲህ ነው የምትይ። ወትሮም ወግ ታውቂያለሽ" አሉኝ። "ይባርክሽ። ተባረኪ።"

"አባዬ፣ ለወግ አይደለም…"

መርቀውኝ ጨርሰው ስልኩን ዘግተውት ነበር። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሡም።